የተቆለፈው መስመር

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ኢንጂነር ፋሪዳ ናት። ጩኸቷን ሰምተው እየሮጡ የገቡት ደግሞ የግቢው ዘበኛ አባባ ከሊፋ ናቸው። ቀኑ ሮብ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር አስካለማርያም ከሳጅን ኤባ ጋር ስትደርስ ሠራተኞቹ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር። ቦታው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለ፣ ድሮ የጆንያ ፋብሪካ የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ውሃ የሞላበት ገንዳ ተዘርግቶበታል። ከገንዳው ጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ አንድ ሃምሳዎቹን ያገባደደ ሰው በጀርባው ተንጋሏል። የቀኝ እጁ መዳፍ ጠቁሯል። አጠገቡ የብርጭቆ ወረቀትና ጨርቅ ወድቋል።

"ባምላኩ ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ነው።" ይህን ያለው የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ መኳንንት ነው።

"እዚህ ምንድነው የምትሠሩት?"

"መርከብ እንፈትሻለን።"

አስካለማርያም ቀና ብላ አየችው።

"ማለቴ ሞዴል ነው" አለ መኳንንት። "ሐይቅ ላይ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ከመሠራቱ በፊት ቅርጹን ወደ ሁለት ሜትር አሳንሰን እንሠራና እዚህ ውሃ ላይ እንጎትተዋለን። ይዘነብላል? ውሃ ያስገባል? ሰው ሳይሳፈርበት በፊት እንድናውቅ ነው።"

ጎታቹ በገንዳው ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ፣ በሁለት ሐዲድ የሚሄድ የብረት ጋሪ ነው። ሞተሩም ኮምፒውተሩም ጋሪው ላይ ነው። ዘጠና ሜትር የሚመላለስ ነገር ሽቦ እየጎተተ መሄድ ስለማይችል፣ ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት የመዳብ ዘንጎች ተዘርግተዋል። የከተማው ባቡር ከላይ ያለውን ሽቦ እየታከከ እንደሚሄድ፣ የጋሪውም ክንድ ጫፉ ላይ ባለው ካርቦን ዘንጎቹን እየታከከ ኃይል ይወስዳል። ዘንጉ ከቆሸሸ ወይም ካርቦኑ ካለቀ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቋረጣል። ያኔ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ልፋቱ ገደል ይገባል። ባምላኩ ስድስት ዓመት ሙሉ የታገለው ከዚህች ጥቅሻ ጋር ነው።

በሩ አጠገብ የዋናው መስመር ሳጥን አለ። ማብሪያው በርቷል። የሳጥኑ መቆለፊያ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ጓጉንቸር አልተቆለፈም፤ ቁልፉም እዚያው ተሰክቷል።

"ያው ነው እንግዲህ" አለ መኳንንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጓጉንቸሩን አመጣ፣ መስመሩን ማጥፋቱንም መቆለፉንም ረሳው። ሄዶ ነካው። ነፍሱን ይማር፤ ሰሞኑን ሐዘን ላይ ነበር። የእናቱን አርባ ሊያወጣ ጎጃም ሄዶ ሐሙስ ነበር የሚመለሰው። ለምን እንደቸኮለ አላውቅም።"

ፋሪዳ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የፈተናው ሁሉ ኃላፊ እሷ ናት።

"ከቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የወጣሁት። አጠና ተራ ነው ቤታችን፤ እናቴን መጠየቅ ትችላላችሁ። እዚህ ስደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፏል። ስገባ ጋሼ ባምላኩ... ወድቋል። መስመሩ በርቶ ነበር።"

"የነካሽው ነገር አለ?"

"ምንም አልነካሁም።"

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ሰውየው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደሞተ ተናገረ። ያን ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት አባባ ከሊፋ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ወይ ቤቱ ወይ ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ኤባም አንድ በአንድ አረጋገጠ።

*

ባምላኩ ሐሙስ እዚያው መድኃኔዓለም ተቀበረ። አስካለማርያም ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከባለቤቱ ከየኔነሽ ጎን ተቀመጠች። የኔነሽ አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቋል።

"እግዜር ያጥናሽ።"

"ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ ነበር" አለች የኔነሽ። "በራሱ ስህተት ነው የሞተው አለኝ። ረስቶ ነው አለኝ። ኢንስፔክተር፣ ልጆቼ እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙ!"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ባሌን ግን አውቃለሁ። ቤታችን አምፖል ሲቀይር እንኳ ቆጣሪውን አጥፍቶ እኔን በር ላይ ያቆመኛል፤ ማንም እንዳይነካው ብሎ። ሥራው ላይ ደግሞ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ ከማተቡ ጋር። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሐዘን ቢይዘው እህል ይረሳል እንጂ ያንን አይረሳም።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። "ሞቱስ የእግዜር ነው። ግን ግዴለሽ ነበር ብለው አይቅበሩብኝ።"

አስካለማርያም ከድንኳኑ ስትወጣ ኤባ መኪናው ጋ ይጠብቃት ነበር።

"ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል" አላት። "የሠራተኛው የራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ይላል። እኛ ካላመንን ግን ጠላት ነበረው ብሎ አንድ ስም ሰጥቶኛል።"

"ማን?"

"ማሙሽ የሚባል የብረት ሠራተኛ። አምና መዳብ ሰርቆ ባምላኩ አጋልጦት ተባሯል። አሳይሃለሁ ብሎ ዝቶበት ነበር አሉ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደግሞ በሩ ላይ ሲንጎራደድ አባባ ከሊፋ አይተውታል።"

*

ማሙሽን ያገኙት ሳንሱሲ፣ አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ፖሊስ መሆናቸውን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የብየዳው ይሁን የለቅሶ አይታወቅም።

"ሮብ ጠዋት የት ነበርክ?" አለው ኤባ።

"ጤና ጣቢያ። ልጄ ሌሊቱን ሲያተኩሳት አድሮ። ካርዱ ይኸው፤ የገባንበት ሰዓት ተጽፎበታል፤ ነርሷንም ጠይቁ።" ካርዱ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ይላል።

"ማክሰኞስ ቀራንዮ ምን ትሠራ ነበር?"

"ጋሼን ስጠብቅ ነበራ።"

"ያስባረረህን ሰው?"

ማሙሽ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "አዎ አስባረረኝ። ዝቼበትም ነበር፤ ውሸት አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ግን ቤቴ መጥቶ፣ ሌብነትህን ነው የጠላሁት እንጂ እጅህን አልጠላሁም አለኝ። እዚህ ያስቀጠረኝ እሱ ነው። ማክሰኞ ከመንገድ ደወለልኝ። አዲሱን የካርቦን መያዣ ጨርሰሃል ወይ አለኝ። ወስጄ በር ላይ ሰጠሁት።"

"ሐሙስ አልነበር እንዴ የሚመለሰው?"

"ነበር። ቀን አሳጥሮ መጣ። ያቺ ልጅ፣ ኢንጂነሯ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራ አሥራ አንዴም ኃይሉ እየተቋረጠ እንደተበላሸባት ሰምቷል። በኔ መስመር ምክንያት ልጅቷ ስትለፋ እኔ ተዝካር ልብላ? አለኝ። ጠዋት ሰው ሳይገባ ዘንጉን ጠርጌ ካርቦኑን ልቀይርላት፣ ስትመጣ አልቆ ትየው አለኝ።" ማሙሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አሥራ ሁለተኛው ይሳካላታል ነው ያለኝ።"

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ኤባ ስልኩን ከፈተ። "የባምላኩ ስልክ ዝርዝር ደርሷል። ማክሰኞ ማታ ማሙሽን ካገኘ በኋላ ፋሪዳ ጋ ሁለቴ ደውሏል። አላነሳችም።"

 አስካለማርያም እስከ አስኮ መታጠፊያ ድረስ በመስኮት ስታይ ቆየች።

*

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ከሊፋን በድጋሚ አነጋገረቻቸው። ሽማግሌው ከዘበኛ ቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

"አባባ፣ ሮብ ጠዋት ከበሩ አልተነሳሁም ብለውኛል።"

"አዎን።"

"ማዶ ያለችው ዳቦ ሻጭ ግን ከእኔ ገዝተዋል ትላለች።"

መቁጠሪያው ቆመ። "ልጄ፣ ከዚህ ብባረር የት እገባለሁ ብዬ ነው የዋሸሁት። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዳቦ ልገዛ ተሻገርኩ። አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። ባምላኩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቷል። አቅፎ ሳመኝ። እዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ገብቶ ገድሎት እንደሆነ፣ አላህ ፊት ምን እላለሁ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።"

"ሲመለሱ የተለወጠ ነገር ነበር?"

"ምንም። በሩ እንደዘጋሁት ነው። ቀዩም መብራት ጠፍቷል።"

"የቱ ቀይ መብራት?"

ከአዳራሹ በር በላይ ያለውን አምፖል አሳዩዋት። "መስመሩ ሲበራ ይበራል፤ ሲጠፋ ይጠፋል። ሰው ዘው ብሎ እንዳይገባ ባምላኩ ነው ያደረገው።"

"ሮብ ጠዋት መቼ በራ ታዲያ?"

"ፋሪዳ ከገባች በኋላ ነዋ። ገባች፤ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ በራ። ሥራ ጀመሩ ብዬ ዳቦዬን ቆረስኩ። ከዚያ ነው የጮኸችው።"

"እርግጠኛ ነዎት? ከመጮኋ በፊት?"

"ዳቦው በእጄ ነበር እኮ ልጄ። ጥዬው ነው የሮጥኩት።"

አስካለማርያምና ኤባ ተያዩ። ፋሪዳ ስገባ በርቶ ነበር ብላለች። ሽማግሌው ትክክል ከሆኑ ግን ባምላኩ ሲሞት መስመሩ ጠፍቶ ነበር።

"ከጠፋ መስመር ሰው እንዴት ይሞታል?" አለች አስካለማርያም።

ኤባ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ ተምሯል። "ኃይል ከሌላ ቦታ ካልመጣ በቀር አይሞትም" አለ።

"ሌላ ቦታ አለ?"

ጋሪው ላይ ወጡ። ከኮምፒውተሩ ሥር ትልቅ ባትሪ ተቀምጧል። መስመሩ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ የገባ ነው። ከባትሪው ጎን ባለው ሳጥን ላይ በባምላኩ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ወይ መስመር ወይ ባትሪ። ሁለቱ በፍጹም አይገናኙ።" ኤባ ሳጥኑን ከፈተው። ውስጡ መቀያየሪያ ማብሪያ አለ፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ።

"ይህ ከሌለ" አለ ኤባ ቀስ ብሎ፣ "የባትሪው ኃይል በክንዱ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዘንግ ይሄዳል። በሩ ላይ ያለውን ብታጠፊ፣ ብትቆልፊ ዋጋ የለውም። ሳጥኑም መብራቱም ጠፍቷል ይልሻል፤ ዘንጉ ግን ይገድላል።"

"ግን መቀያየሪያው አለ።"

"አለ።" አጎንብሶ አየው። በጋሪው ላይ ያለ ሽቦ ሁሉ ጫፉ ላይ በባምላኩ እጅ ጽሑፍ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ወደ መቀያየሪያው የሚገቡት አራት ሽቦዎች ግን ፕላስተር የላቸውም። ከመካከላቸው ሁለቱ ተሳስተው ቦታ ተለዋውጠዋል። "ይህን ያሰረው ባምላኩ አይደለም፤ ቸኩሎ የነበረ ሰው ነው።"

ኮምፒውተሩን ከፈቱት። ሮብ ዕለት በራሱ የተነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ባትሪውን የሚያስነሳ ሰዓት ተሞልቶለታል። የጠፋው አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሕይወት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

*

ፋሪዳ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ የተቀባ የጀልባ ሞዴል አለ። አስካለማርያም በሩን ዘግታ ከፊቷ ተቀመጠች።

"መቀያየሪያውን መቼ ነው ያወጣሽው?"

ፋሪዳ አልካደችም። ጥያቄውን ለሦስት ቀን ስትጠብቀው የከረመች ይመስል ትከሻዋ ወረደ።

"ጋሼ በሄደ በሦስተኛው ቀን" አለች። "ሲቀያይር ግማሽ ሰከንድ ክፍተት አለው። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ናት ኮምፒውተሩን የምታጠፋው። ውሃው እስኪረጋ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ጋሪው ስድሳ ሜትር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። አሥራ አንድ ጊዜ። ጀልባ ሠሪዎቹ ሐሙስ ሊመጡ ነበር። ባትሪውን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አሰርኩት። ሠራ! አንዴም ሳይቋረጥ ሠራ። ጋሼ ሐሙስ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ባትሪው በጠዋት እንዲነሳ ያደረግሽውስ?"

"መሣሪያዎቹ አንድ ሰዓት መሞቅ አለባቸው። እኔ እስክደርስ እንዲሞቁ ብዬ።" መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "እሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ አጥፍቷል፣ ቆልፏል፣ በቴስተር ለክቷል። ቴስተሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሲለካ ዘንጉ ባዶ ነው፤ ባትሪው ገና አልተነሳም። ሁሉን ነገር በትክክል ነው ያደረገው። ከዚያ እየጠረገ ሳለ አሥራ ሁለት ተኩል ሞላ።"

ኤባ በሩ አጠገብ ቆሞ ወለሉን ያያል።

"ስትገቢስ?"

"ገና ሳየው ገባኝ። ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።" ድምፅዋ ቀጠነ። "መጀመሪያ ባትሪውን ነቀልኩ። መቀያየሪያውን መልሼ አሰርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ... ከአንገቱ ላይ ቁልፉን ከማተቡ ፈታሁት። ጓጉንቸሩን ከፈትኩና መስመሩን አበራሁ። የእሱ ስህተት እንዲመስል። ከዚያ ጮህኩ። ጩኸቴ ግን የውሸት አልነበረም፤ እመኑኝ።"

"ማክሰኞ ማታ ደውሎልሽ ነበር።"

"ሁለቴ። ስልኩን እያየሁት ነበር።" እንባዋ አሁን ወረደ። "መቀያየሪያውን እንዳወጣሁ ሰምቶ ሊቆጣኝ መሰለኝ። ጎጃም ያለ መስሎኝ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። ባነሳው ኖሮ..."

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"ኢንስፔክተር፣ ለምንድነው ቀን አሳጥሮ የመጣው?"

አስካለማርያም ሳንሱሲ የሰማችው ነገር ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስትመረምር ለማንም እውነት ደብቃ አታውቅም። የልጅቷን እጆች አየች።

"ካርቦን ሊቀይር ነው" አለች። "ተነሽ እንሂድ።"

*

እሑድ ከሰዓት አስካለማርያም ድንኳኑ ውስጥ ተመልሳ ተቀመጠች። የኔነሽ ሰዎቹን ዘወር አድርጋ ልጆቿን ወደ ራሷ ጠራች።

"ይስሙ" አለች። "ያኛውንም ሰምተዋል።"

አስካለማርያም የራሷን የምርመራ ሪፖርት አንድ አንቀጽ አነበበችላቸው። ሟች ባምላኩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መስመሩን አጥፍቷል፣ ቆልፏል፣ ኃይል አለመኖሩን ለክቶ አረጋግጧል፤ የሟች ጥፋት የለበትም፤ ይላል። ከዚያ የቀረውን፣ የባትሪውንና የፋሪዳን፣ በቃሏ ነገረቻቸው።

"አጥፍቷል የሚለውን ድገሚልኝ" አለች የኔነሽ።

ደገመችላት። የኔነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከሮብ ጀምሮ ተይዞ የነበረው ለቅሶ ያኔ ወጣ፤ ድንኳኑ ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

ቆይታ ነጠላዋን ስትገልጥ ድምፅዋ ሻክሯል። "ቤቴ ትበላ ነበር እኮ። ልጄ ይላት ነበር። ገደለችው አልልም፤ ሳታውቅ ነው። ግን የሞተ ሰው አንገት ላይ እጇን አስገብታ ስሙን ሰረቀችው። እሱን ነው ያልቻልኩት።"

አስካለማርያም ሪፖርቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከድንኳኑ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ጥቁር ሻርፕ የለበሱ ሴት ብቻቸውን ቆመዋል። ጠጋ አይሉም፤ አይሄዱምም። በሁለት እጃቸው አንድ የተሸፈነ ሰሃን ይዘዋል። ለቀስተኞቹ እያዩ ያንሾካሹካሉ።

"ማናቸው?" አለች የኔነሽ።

"ወይዘሮ ጁወይሪያ ናቸው" አላት ትልቁ ልጇ። "የፋሪዳ እናት። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል። ግቡ ሲሏቸው በምን ፊቴ ይላሉ።"

የኔነሽ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ሴትዮዋ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

"ዛሬ አልችልም" አለች በመጨረሻ። "ነገም አልችል ይሆናል።"

ወደ ትልቁ ልጇ ዞረች።

"ግን ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ጥላ ሥር ወንበር ስጧቸው።"

ልጁ ሳይነሳ ቀረ። አስካለማርያም ተነስታ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አነሳችና ወደ አጥሩ ሄደች።